ድምፅ ያለው ሁሉ ይምጣ

የዋግ ኽምራውን ደጋ፣ ጋዝጊብላን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ጉሙ ነው። ሰዉ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ከጉሙ ውስጥ ቀስ እያለ፣ መጀመሪያ የጋቢው ንጣት፣ ከዚያ ዱላው፣ ከዚያ ፊቱ። እኔ ያደግሁት ሰቆጣ ከተማ ነው፤ ፀሐይ ድንጋዩን ሲያግለው በሚውልበት ሰፈር። መምህር ሆኜ ወደ ደጋው ስመደብ ጉሙን ጠላሁት፤ ፈራሁትም። አሁን ግን ከሰዓት በኋላ ወንበሬ ላይ ሸለብ ሲያደርገኝ የምገባው እዚያው ጉም ውስጥ ነው። እዚያ የሆነ ቦታ ሁለት ድንጋዮች ይጋጫሉ። ቋ፣ ቋ። ዝም ይላል። ደግሞ ቋ፣ ቋ።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ ሊደረግ ጥቂት ወር ሲቀረው ርዕሰ መምህሩ ቢሮው አስጠርቶኝ፣ «አንቺ አማርኛውንም ኽምጣንጋውንም ትችያለሽ፤ ደግሞ አፍ አለሽ። ሕዝቡን ስለ ምርጫ የምታስተምሪው አንቺ ነሽ» አለኝ። አፍ አለሽ ያለኝ ሊያመሰግነኝ ይሁን ሊነካኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እውነቱን ግን ነው፤ ምላሴ ከእግሬ ይቀድማል። እናቴ፣ «ይህች ልጅ ዝም ካለች ሐኪም ጥሩልኝ» ትል ነበር።

ጥቂት ቀን አሠለጠኑንና አንድ ጥቅል ፖስተርና አንድ ፓኬት ጠመኔ አስይዘው ለቀቁን። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ እንዴት እንደሚመረጥ አስተምሩ፣ ማን ይመረጥ የሚለውን ግን ትንፍሽ እንዳትሉ። ትንፍሽ እንዳትሉ! ለእኔ! በየመንደሩ የሚጠብቀኝ ጥያቄ ደግሞ ያው አንድ ነው፤ «እሺ፣ ማንን እንምረጥ?» በአንደኛው መንደር አንድ ቀልደኛ ሽማግሌ ነበሩ፤ ባስተማርኩ ቁጥር ከፊት ለፊቴ የሚቀመጡ። «ልጄ፣ መንገዱን አሳይተሽን ቤቱን የምትደብቂብን ምን በድለንሽ ነው?» አሉኝ።

«ቤቱንማ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ልብዎ ውስጥ ነው ያለው» አልኳቸው፣ ብልጭ ብሎብኝ።

«ልቤ ውስጥ ካለማ አንቺን ይህን ሁሉ ዳገት ምን አስወጣሽ?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ንዴቴ ሳይበርድ ሳቅሁ።

እኚህ ሽማግሌ ወዳሉበት መንደር የመጀመሪያ ቀን ስሄድ መንገድ ላይ ጉሙ ወረደብኝ። በግራ በኩል ገደል እንዳለ ነግረውኛል፤ ዞር ዞር ስል ግን ግራዬ የቱ እንደነበር ጠፋኝ። ቆምኩ። ተጣራሁ። ድምፄ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ የገደል ማሚቶ እንኳ አልመለሰልኝም። ያን ጊዜ ዓለም ሁሉ ነጭ ሆኖ፣ እግሬ ሥር ካለችው አንድ ክንድ መሬት በቀር ምንም ሳይኖር፣ እኔ ራሴ መኖሬን ተጠራጠርኩ። ፖስተሩን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ጸሎት ጀመርኩ።

ቋ፣ ቋ።

ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው። ወደዚያው አንድ እርምጃ ሄድኩ። ቋ፣ ቋ። ሌላ እርምጃ። ከነጩ ውስጥ አንዲት በእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት ወጣች፤ ጀርባዋ ላይ እንጨት አዝላለች፣ በእጆቿ ሁለት ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ይዛለች። በአገጯ ምልክት ሰጠችኝና ፊት ፊት መራችኝ፤ እያንኳኳች። እኔ ከፍርሃቴ ስወጣ እንደ ልማዴ ወሬ ጀመርኩ። ስለ ጉሙ አማረርኩ፣ ስለ ጫማዬ አማረርኩ፣ ስለ ርዕሰ መምህሩ አማረርኩ። አልመለሰችልኝም፤ አንዳንዴ ግን ትከሻዋ በሳቅ ሲነቃነቅ አያለሁ። ደርሰን ሽማግሌው፣ «ዲዳዋ አመጣችሽ? ጎሽ!» ሲሉ ነው መናገር እንደማትችል ያወቅሁት። አንድ ሰዓት ሙሉ አውርቼባት ሳላውቅ! እንዲህ ነኝ እኔ።

ታሪኳን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን አገሩ ሁሉ ሲሰደድ ወላጆቿ መንገድ ላይ ቀሩ። እሷ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ሰዉ ከመጠለያው ሲመለስ፣ የየት መንደር ልጅ እንደሆነች ሳይታወቅ፣ አብራ ተመለሰች፤ አንደበቷ ግን አልተመለሰም። ትሰማለች፣ ሁሉን ታውቃለች፣ ቃል ግን አይወጣትም። አንዲት መበለት ወስደው አሳደጓት፤ እሳቸውም አረፉ። አሁን በጎጇቸው ብቻዋን ትኖራለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ጉም ሲሆን ድንጋዮቿን ከመቀነቷ አውጥታ መንገደኛ ታሳልፋለች። «እሷ ባትኖር ስንታችን ገደል እንገባ ነበር» አሉ ሽማግሌው።

የማስተምረው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከጽዱ ሥር ነበር፤ ሰዉ ከቅዳሴ ሲወጣ ጠብቄ። ለልምምድ ብዬ ወረቀት ላይ ገብስ፣ ጤፍና ባቄላ ሥዬ «ከሦስቱ የምትወዱትን ምረጡ» አልኳቸው። ገብስ በሰፊው አሸነፈ። በሳምንቱ አንዲት እናት፣ «የመረጥነው ገብስ መቼ ነው የሚመጣው?» ብለው ጠየቁኝ። ወይ ጉድ! ምዝገባ ማለት ርዳታ የነበረበት አገር ነው፤ ምን ይፈረድባቸዋል።

ትልቁ ስሕተት ግን የእኔ ነበር። አማርኛው «ድምፅ» ሁለት ሥራ የሚሠራ ቃል ነው፤ ከጉሮሮ የሚወጣውም ድምፅ ነው፣ ሳጥን ውስጥ የሚገባውም ድምፅ ነው። ወደ ኽምጣንጋ ስመልሰው ለሳጥኑ የሚሆን ሌላ ቃል አልመጣልኝም። እናቴ «ድምፅሽን ቀንሺ» ብላ ስትቆጣኝ የምትጠቀምበትን፣ የጉሮሮውን ቃል ወሰድኩና ደረቴን ነፍቼ፣ «አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ድምፅ አለው! ድምፅ ያለው ሁሉ ይምጣ፣ ይመዝገብ!» አልኩ።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን «እህህ» ብለው ጠረጉ። አንዲት ሴት፣ «እኔ ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ተዘግቷል፤ እስከዚያ ይሻለኝ ይሆን?» አለች። የሚቀልዱ መሰለኝና ሳቅሁ። ሌላዋ ተልባ ጠጪ ብላ መከረቻት። አብሬ ሳቅሁ እንጂ አላረምኩም። ያቺ ከጉሙ ያወጣችኝ ሴት ከሁሉ ኋላ የድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ያን ቀን ዞር ብዬ ፊቷን አላየሁትም።

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ምዝገባ ጣቢያው ስሄድ መንገድ ላይ አገኘኋት። የታጠበ ነጠላ ለብሳለች፣ ጥለቱን ወደ ፊት አድርጋ። ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታለች። በዓል አልነበረም። አንገቷን ደፍታ ልታልፈኝ ስትል፣ «ተመዘገብሽ?» አልኳት። ቆመች። እጇን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች። ከዚያ መዳፏን ዘርግታ ባዶነቱን አሳየችኝ።

ነገሩ ወዲያው አልገባኝም። ጣቢያው ደርሼ ሰልፍ ላይ ያሉትን ሴቶች፣ «ለምን መለሳችኋት?» ብዬ ጮህኩባቸው።

«እኛ ምን አደረግናት?» አለችኝ አንዷ፣ ከልቧ ተደንቃ። «ድምፅ ያለው ይምጣ ያልሽው አንቺ ነሽ። እሷ ምስኪን ድምፅ ከየት ታመጣለች? ከማለዳ ጀምራ ቆማ ነበር፤ በከንቱ እንዳትደክም አዝነንላት ነው የመለስናት።»

በሞትኩት! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲሉ እሰማ ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ ያን ቀን ነው። በተንኮል አልነበረም የመለሷት፣ በርኅራኄ ነበር፤ ርኅራኄያቸውን ያስታጠቅኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ነጠላዬን ሰብስቤ ቁልቁል ሮጥኩ። ደርሼባት እጇን ያዝኩና፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ተመለሺ፤ ድምፅ አለሽ» አልኳት። ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ ተከተለችኝ።

መዝጋቢው ከእኛው ትምህርት ቤት የመጣ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ቀልድ የማያውቅ፣ ደብተሩን በማስመሪያ የሚያሰምር ሰው። ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጌ ፊቱ አቆምኳት። አየት አደረጋትና ብዕሩን አነሳ። «ስም ከነአያት?»

ወደ እኔ ዞረች።

«ዲዳዋ በላት» አለ ከኋላ አንዱ። «ሁላችንም እናውቃታለን። ዲዳዋ ብለህ ጻፍ።»

መዝጋቢው ብዕሩን አስቀመጠ። «ዲዳነት ስም አይደለም። ስሟን ንገሩኝ።»

እርስ በርስ ተያየን። ስሟን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። አሳዳጊዋ «ልጄ» ሲሏት ነው የኖሩት፣ መንደሩ «ዲዳዋ» ሲላት ነው የኖረው። እኔ ራሴ፣ ያቺ በጉም ውስጥ ነፍሴን ያተረፈችኝን ሴት፣ ስሟ ማነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የሴት ስም የሚባለው ሁሉ ከየአቅጣጫው ተጠራ፤ በእያንዳንዱ ላይ ራሷን ነቀነቀች፣ አይደለም፣ አይደለም። እኔ በንዴት መዝጋቢውን፣ «ይህን ያህል ምን ያደርቅሃል? አንድ ስም አውጣላትና ጻፋት!» አልኩት።

«ስም ማውጣት ሥራዬ አይደለም» አለ፣ ሳይቆጣ። «አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን መዝገቡን እዘጋለሁ። እስከዚያ የእሷን ስም አምጡ።»

ያን ጊዜ ደረቅ ብዬ በልቤ ረገምኩት። ኋላ ሳስበው ግን፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል «ዲዳዋ» ብሎ ሊጽፋት እምቢ ያለው እሱ ብቻ ነው።

እጅጌዬን የሳበችኝ እሷ ናት። አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ ይዛ አሳየችኝ። ከዚያ ጣቷን ወደ ጋራው ቀሰረች። አልገባኝም። ሰልፉ ላይ የነበሩት ቀልደኛው ሽማግሌ ግን ዱላቸውን መሬት መታ አድርገው፣ «እንዴ! ማተቡን ያሰረላትን ሰው ነው የምትይው! ስም ያለ ክርስትና እናት ተሰጥቶ ያውቃል እንዴ? ከጋራው ወዲያ ያለው ደብር አጸድ ውስጥ አንዲት አሮጊት መነኩሴ አሉ። በያመቱ ለንግሥ ወደዚያ ነው የምትሄደው» አሉ።

ጋራው ለመውጣትና ለመውረድ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ መመለሱም ያንኑ ያህል። ሁለታችን ወጣን። አናቱ ላይ ስንደርስ ጉሙ እንደገና ተቀበለን፤ እሷ ድንጋዮቿን አወጣች። ስለዚያ መንገድ የቀረኝ ትዝታ ግማሹ ሕልም ነው። የገብስ ማሳ ጫፉ ብቻ ነጩ ውስጥ ይንሳፈፋል። የሆነ ቦታ ደወል ተደወለ፤ ከየት እንደሆነ አይታወቅም፣ ከላይም ከታችም ይመስላል። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላወራ ሄድኩ፤ ከፊቴ የሚሰማኝ እሷ የምታንኳኳው ብቻ ነው።

እማሆይ ከጎጇቸው ደጅ ተቀምጠው ነበር፤ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኗል። የሰሙት ኮቴያችንን አይደለም፤ ቋ፣ ቋ የሚለውን ነው። ፊታቸው በራ። ገና አፋችንን ሳንከፍት አንድ ስም ጠሩ።

እሷ ሮጣ ጉልበታቸው ሥር ተቀመጠች። እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው ደጋግመው ጠሯት፤ «ምነው ንግሥ ሳይሆን በማትመጪበት ቀን? አሞሻል? ማን ነው አብሮሽ ያለው?»

እያለቀስኩ ነገሩን አስረዳኋቸው። እማሆይ ሳቁ፤ ጥርስ በሌለው አፋቸው። «እናንተ ሰዎች ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ብላችሁ ነበር የምትጠሯት?» አሉኝ።  «እኔ ነኝ ክርስትና ያነሳኋት። በያመቱ ጭነት እንጨት ተሸክማ ይህን ጋራ ትወጣለች። እኔ ምን እሰጣታለሁ? ቆሎ እንኳ የለኝም። ስሟን እጠራታለሁ፣ እጠራታለሁ፣ ትሰማለች፣ ትሄዳለች።»

በዓመት አንድ ቀን። ያን ሁሉ ዳገት። መንደሩ ለንግሥ የምትሄድ ይመስለው ነበር።

ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ ነገሩኝ። ወረቀት አልያዝኩም፤ እንዳይጠፋኝ ፈርቼ እስክንመለስ ድረስ ጮክ ብዬ እየደጋገምኩ ሄድኩ፣ እንደ ዳዊት። እሷ ከፊቴ እየሄደች፣ በእያንዳንዱ ጥሪ ድንጋዮቿን ታጋጫለች። አንድ ጊዜ ትንፋሽ አጥሮኝ ዝም ስል ዞር ብላ ቀጥይ እንደማለት አገጯን ወደ እኔ ወረወር አደረገች። ቀጠልኩ። ዕድሜ ልኬን ስለፈልፍ የኖርኩት ለዚያች ምሽት ልምምድ ሳይሆን አይቀርም።

ጣቢያው ስንደርስ መዝጋቢው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ለአሥራ ሁለት ጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ምንም ሳይል ገብቶ ተቀመጠ፣ ብዕሩን አነሳ። ነገርኩት፣ ጻፈ። ሽማግሌውና አንዲት ሴት ምስክር ሆኑ። እሷ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አድርጋ ከስሟ አጠገብ አተመች። ካርዷን አጥፋ ድንጋዮቿ ባሉበት መቀነቷ ውስጥ አስገባችው።

ስሟን ለእናንተ አልነግራችሁም። እሷ ሳትፈቅድልኝ እኔ ማን ነኝና? መዝገቡ ላይ አለ።

የምርጫው ዕለት ጠዋት ደግሞ ጉም ነበር። ሰልፉ ከትምህርት ቤቱ በር ጀምሮ ወደ ሜዳው ይወርዳል፤ ጭራው አይታይም። እኔም ካርዴን ይዤ ሰልፍ ላይ ነኝ። ሰዉ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለ። በሩ ላይ የቆመው አስመራጭ አቅመ ደካሞችንና ከሩቅ የመጡትን ለማስቀደም ከመዝገቡ ስም እየጠራ ያስገባል። ተራው ደረሰና ስሟን ከነአያቷ ጮክ ብሎ ጠራ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ማናት እሷ?» አሉ ሴቶቹ እርስ በርስ። ምስክር የነበረችው አጠገባቸው አልነበረችም። «ከየት የመጣች ናት?» አስመራጩ ደገመው። ሽማግሌው ገና ከጉሙ እየወጡ ስለነበር አልሰሙም። አንድ ሰውዬ፣ «እንዲህ የምትባል ሰው በዚህ ቀበሌ የለችም፤ ወደ ሌላው እለፍ» አለ። አፌ ሊከፈት ምንም አልቀረውም። ያን ቀን ግን ምላሴን በጥርሴ ያዝኩት፤ የእኔ ተራ አልነበረም።

ከታች፣ ሰልፉ ከማይታይበት፣ ቋ፣ ቋ አለ።

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ደግሞ ቋ፣ ቋ፤ ቀረብ ብሎ። ጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የነጠላዋ ንጣት ታየ፣ ከዚያ ሁለቱ ድንጋዮች፣ ከዚያ ፊቷ። ሰልፉ በሁለት ተከፍሎ መንገድ ሰጣት። ቀና ብላ ሄዳ ገባች፣ ከመጋረጃው ኋላ ቆየች፣ ወረቀቷን አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ ከትታ ወጣች። ማንን እንደመረጠች እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ስትወጣ ሽማግሌው በሩ ላይ ጠበቋት። እኚያ በሁሉ የሚቀልዱ ሰው ያን ቀን አልቀለዱም። ዱላቸውን ከግድግዳው አስጠግተው፣ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ዝቅ አድርገው፣ በስሟ ጠሯት። «ይቅር በይን» አሏት፣ ከዚያም ስሟን ደገሙት። አንዲት ሴት ከሰልፉ ተቀብላ ጠራቻት። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ስሟ ሰልፉን ይዞ ቁልቁል ወረደ፣ ጉሙ ውስጥ ካሉት፣ ከማናያቸው ሰዎች አፍ ድረስ።

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ዝም አልኩ። እስኪመሽ ዝም አልኩ። እናቴ አጠገቤ ብትኖር ሐኪም ጥሩልኝ ትል ነበር።